ከራጉኤል ደጅ እስከ ጣና

ከእንጦጦ ራጉኤል ተሳልሜ ስወጣ ባሕር ዳር ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። «ለጀልባዬ በባትሪ የሚሠራ ሞተር ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» ጠበል እንጂ ሐይቅ በሌለበት ተራራ ላይ ቆሜ የጣና አማካሪ ሆንኩላችሁ!

መጀመሪያ ባትሪውን አስብ አልኩት። 50 አምፒር ለሚስብ ሞተር 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በወረቀት ላይ 2 ሰዓት ነው። የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ግማሹን ብቻ ተጠቀም፣ አለዚያ ቶሎ ይሞትብሃል። ከባድ ስለሆነ መሃል ላይ አስቀምጠው፤ አንተም ሞተሩም ባትሪውም ከኋላ ከሆናችሁ የጀልባዋ አፍንጫ ሽቅብ ይነሳል።

እኔን የሚያሳስበኝስ የጣናው አረም፣ እምቦጩ ነው። ሥሩ እንደተንጨባረረ ፀጉር ነው፤ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩ ይግላል። «ሞተሩን አጥፍተህ በቢላዋ ቁረጠው» ስለው ሳቀ።

«መቅዘፊያውንስ ልሽጠው?»

«እንዳታደርገው!»