ገና በመሠራት ላይ ያለ ምድር

የደጋ ሰው «በረሃ» የሚለውን ቃል ሲሰማ በአሳቡ የሚደረድረው የጎደለውን ነው፤ ውሃ የለም፣ ጥላ የለም፣ ሰው የለም። በአነጋገርም «በረሃ ገባ» የተባለ ሰው ወይ ሸፍቷል፣ ወይ ከዘመድ ወዳጅ ርቆ ጠፍቷል። ከዚህ ልማድ የተነሣ ይመስላል፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ተመራማሪዎች የሚመላለሱበት የአፋር ዝቅተኛ ምድር ለአያሌ የአገር ልጆች፣ ለመምህራንና ለከያንያን ጭምር፣ በካርታ ላይ ከሚነበብ ስም ያለፈ ትርጉም ሳይኖረው የኖረው።

ከመቀሌ ተነሥቶ በበራህሌ በኩል ወደ ዳሎል የሚወርድ መንገደኛ ጠዋት ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይነሣና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከባሕር ወለል በታች ይደርሳል። የሜዳው ዝቅተኛ ክፍል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከ1953 እስከ 1959 ዓ.ም. በዳሎል በተመዘገበው ልኬት መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። ይኸውም ሌሊቱ ከቀኑ፣ የብርዱ ወራት ከሐሩሩ ጋር ተደምሮና ተካፍሎ ነው። ሙቀቱን ለመግለጽ ቃላት መደርደር ከንቱ ድካም ስለሆነ በዚህ ይታለፍ።

ዳሎል ከጨው ሜዳው መካከል ብቅ ያለ ዝቅተኛ ጉብታ ነው። ከሥሩ ያለው የጋለ ዐለት ውሃውን ያፈላዋል፤ የፈላው ውሃ እጅግ ወፍራም የጨው ንጣፍ ሰንጥቆ ሲወጣ ጨውን፣ ድኝንና ብረትን አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ሠዓሊ በዚህ ሥፍራ ቢቆም መጀመሪያ የሚጠራጠረው ዓይኑን ሳይሆን አይቀርም። ፍሉ ትኩስ በሆነበት ነጭና ደማቅ ቢጫ፣ በኩሬዎቹ ውስጥ አረንጓዴ፣ ፍሉ በደረቀበት ደግሞ የዛገ ቆርቆሮ መልክ ይታያል። ምሥጢሩ ከውሃው ጋር የወጣው ብረት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ መዛጉ ነው። ስለሆነም ከቀለሙ የፍሉን ዕድሜ ማንበብ ይቻላል፤ ዛሬ ቢጫ የሆነው ነገ ቡኒ ይሆናል፣ ሌላ ፍል ውሃ ደግሞ በሌላ ቦታ ይፈነዳል። ባለፈው ዓመት የተሣለ ሥዕል ዘንድሮ ከሥፍራው ጋር ላይመሳሰል ይችላል። የውሃው አሲድነት እጅግ ከባድ በመሆኑ በውስጡ ሕይወት መኖር አለመኖሩ ራሱ ሊቃውንትን አከራክሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ረቂቅ ሕዋሳት መገኘታቸውን ሲገልጽ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከሁሉ በከፉት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም ብሏል። ይሁንና ይህ ሁሉ ውበት የተዘረጋው በስስ ቅርፊት ላይ ነው። አንድ የግድየለሽ ጫማ ወራት የፈጀውን ሥራ በቅጽበት ይደረምሰዋል፤ ከሥሩ የፈላ አሲድ ያለ እንደሆነም ጉዳቱ ለባለ ጫማውም ይተርፋል።

ጨው ራሱ የባሕር ቅሪት ነው። ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቢኬድ ቀይ ባሕር በዚህ ዝቅታ ላይ ተኝቶ ነበር፤ በሜዳው ዳርና ዳር ያሉ የዛጎል ድንጋዮች ምስክሮቹ ናቸው። መግቢያው ሲዘጋ ውሃው ተንኖ ጨዉ ቀረ። በአሳሌ ሐይቅ ዙሪያ ይህን ጨው የሚፈልጡት ሰዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ፀሐይ ሳትበረታ ነው። አንዱ በእንጨት እየፈነቀለ ንጣፉን ያነሣል፣ ሌላው በትንሽ መጥረቢያ ጠርቦ ያስተካክላል፣ ሌላው በግመል ይጭናል። በልማድ የአፋርና የትግራይ ሠራተኞች ሙያውን ተከፋፍለውት ኖረዋል። የደጋው ሰው በገንዘብነት ሲገበያይበት የኖረው አሞሌ ከዚሁ ሜዳ የወጣ ነበር። ታዲያ ስለ አሞሌ በታሪክ ትምህርት የሚያስተምር መምህር የጠራቢውን መዳፍ ያላየ እንደሆነ ትምህርቱ ግማሽ ነው። ዛሬ መኪና ወደ ሜዳው ዘልቆ ይገባል፤ የግመሉም ሰልፍ እንደ ድሮው አልበዛም። ጎብኚው ሰልፉ ስለ ቀነሰ ሊያዝን ይችላል፤ ጨው ጫኙ ግን በእግሩ የሚጓዘው ቀን ስለ ቀነሰለት ያዝን ዘንድ ማንም ሊጠይቀው አይገባም።

ከጨው ሜዳው ወደ ደቡብ ኤርታ አሌ ይገኛል። በአፋርኛ የሚጨስ ተራራ ማለት ነው። ቁመቱ ከ600 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ከሩቅ ሲታይም የተደፋ ምጣድ እንጂ ተራራ አይመስልም። ዝናው በአናቱ ካለው የቀለጠ ዐለት ሐይቅ የመጣ ሲሆን፣ ሃሩን ታዚዬፍና ጓደኞቹ በ1960 ዓ.ም. ከወጡበት ወዲህ በሰፊው ታወቀ። ሐይቁ አንዳንዴ ሞልቶ ይፈሳል፣ አንዳንዴ ወርዶ በጢስ ይሸፈናል። ሲታይ ግን ጥቁር ቆዳ ያበጃል፤ ቆዳው በቀይ መሥመር ይሰነጠቃል፤ ቁርጥራጮቹ ይራራቁና በጠርዛቸው ተመልሰው ይሰጥማሉ። የምድር ገጽ ክፍሎች በሚሊዮን ዓመታት የሚሠሩትን ይህ ሐይቅ በደቂቃዎች ሠርቶ ያሳያል። ለጂኦግራፊ መምህር ከዚህ የተሻለ ጥቁር ሰሌዳ አይገኝለትም።

የአፋር ምድር የዓረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ የምድር ገጾች የሚለያዩበት መገናኛ ነው። መለያየቱ በዓመት በጥቂት ሚሊሜትርና ሳንቲሜትር የሚለካ ቢሆንም አልፎ አልፎ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ ምድሪቱ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቃ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተራራቀች። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ የመንና ኦማን፣ አልፎም እስከ ህንድ ደረሰ። ዓለም በሳተላይት ሥዕሉ ሲደነቅ፣ በአፍዴራ በኩል ያሉ አርብቶ አደሮች የከብቶቻቸው ግጦሽ አመድ ለብሶ አገኙት።

ሐዳር፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ የተገኘችበት፣ ለብቻው ጽሑፍ የሚሻ ነው። አዋሽም እንዲሁ፤ ከደጋው ወርዶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ያልቃል።

ለጉዞ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ያለ አፋር መሪ ግን መንገድ መጀመር አይገባም። ለዚህም ምክንያቱ የመንገዱ ክፋት ብቻ አይደለም። በአፋር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ቁጭ ብለው ከየት እንደመጡ፣ ዝናብ የት እንደዘነበ፣ ማን እንደታመመ፣ ምድር የት እንደተናወጠች አንድ በአንድ ይነጋገራሉ። እንግዳው ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ ካሜራውን ከሳጥን የሚያወጣ ከሆነ የሚነግረው አያገኝም፤ መሪው ግን አጠገቡ ቁጭ ያደርገውና ወሬውን ያስጀምርለታል።