ያላነበብኩት ገጽ

በዚህ ዓምድ ላይ ጓደኞቻችን ስለ ትውልድ መንደራቸውና ስለ መጀመሪያ የማስተማር ልምምዳቸው የጻፉትን እያነበብኩ ስደሰት ቆይቻለሁ። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ መጋዝ ነው። «መጋዝና መምህርነትን ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተንኩ በኋላ እዚህ እስክገባ ድረስ ያለውን ጊዜ ያሳለፍኩት ሰበታ፣ ዓለም ገና፣ አጎቴ ዘንድ ነው። አጎቴ በርና መስኮት ሠሪ ናቸው። በጅማ መንገድ ያለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው በዚያ መስመር ብረት ቤቱ ብዙ ነው፤ ደጃፉ ላይ ፀረ ዝገት የተቀባ የግቢ በር ተደግፎ ይቆማል፣ ከውስጥ ብየዳው ይንቦገቦጋል። አጎቴ ሥራውን የተማሩት በሴጌቶ ዘመን ነውና ዛሬም ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ቱቦላሬ ማለት ይቀናቸዋል። (ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ! ቋንቋው ግን ብረት ቤት ቀርቷል።) የግራ ዓይናቸው ብሌን ላይ ነጭ ነጥብ አለች። ከግራይንደር የተፈናጠረ ብረት ነው የተዋት። «መነጽሩ እኮ ኪሴ ውስጥ ነበር» ይላሉ ነገሩን ሲያወሩት።

ግራይንደር ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። የትንሹ ግራይንደር ዲስክ በደቂቃ እስከ 11 ሺህ ጊዜ ያህል ይዞራል። ብረቱን የሚቆርጠው ፈጭቶ ስለሆነ እሳት ይረጫል፤ የተቆረጠው ጫፍ ይግላል፤ ቀጭኑ ዲስክ ከተጣመመ ደግሞ ተሰብሮ ይበተናል። መብራት ከጠፋ ዝም ነው። መብራቱም በየጊዜው ስለሚጠፋ እኛም አብረን ዝም እንል ነበር።

አንድ ቀን ቡራዩ የሚኖሩ ሥራ ተቋራጭ መጡ። ሱሉልታ የሚያሠሩት ቤት ነበረ፤ መብራት ገና አልገባለትም። መስኮቶቹ እዚያው ተለክተው፣ እዚያው እንዲቆረጡ ፈለጉ። ለዚሁም ሥራ ይሆናል ብለው በባትሪ የሚሠራ የብረት መቁረጫ ክብ መጋዝ አዋሱን። ባትሪው 18 ቮልት ነው። ዲስኩ እንደ እንጨት መጋዝ ጥርስ አለው፤ የጥርሱም ጫፍ ካርባይድ በሚባል ጠንካራ ነገር የተሠራ ነው። የሚዞረው በደቂቃ ወደ 4 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ብረቱን አይፈጨውም፣ ይልጠዋል። ስለዚህ እሳቱ ጥቂት ነው፤ ፍርፋሪውም አብዛኛው በጎኑ ባለው ሣጥን ውስጥ ይጠራቀማል። የመጀመሪያውን ቱቦላሬ ስንቆርጥ ጎረቤት ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ። «ይኼማ የዋህ ነው!» አለ አንዱ።

ከመጋዙ ጋር የአጠቃቀም መጽሐፍ ነበር፤ በእንግሊዝኛ። አጎቴ በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጡኝና «አንተ ተማሪው፣ ይህን አንብብና ንገረን» አሉኝ። በዚያ ቤት 12ኛ ክፍል የደረስኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያን ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ባትሪው እንዴት እንደሚሞላ አነበብኩ፣ ዲስኩ እንዴት እንደሚታሰር አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያው ገጽ በገጽ ሆነብኝ። እንቅልፌም መጣ። ጠዋት «ምን ይላል?» ብለው ሲጠይቁኝ «እንደ ግራይንደር ነው፣ ጋሼ፤ አዲስ ነገር የለውም» አልኳቸው። እሳቸውም አመኑኝ። ሰበታ የዓይነ ስውራን ት/ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ። ብሬል የሚያነብ ተማሪ እያንዳንዱን መስመር በጣቱ ዳስሶ ነው የሚጨርሰው። ሁለት ጤነኛ ዓይን ያለኝ እኔ ገጽ ዘለልኩ።

ሱሉልታ ብርዱ ለጉድ ነው። ከእንጦጦ ወዲያ ያለው ነፋስ እጅ ያደነዝዛል። አንድ 15 ዓመት የሚሆነው ሥራ ለማጅ ልጅ አብሮን ነበረ። ይህ ልጅ የመጋዙ የታችኛው መከለያ «አላሳይ አለኝ» ብሎ ወደ ላይ ሰብስቦ በሽቦ አሰረው። እንደሚታወቀው በየብረት ቤቱ የግራይንደር መከለያ ተፈቶ ይጣላልና ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። እንዲያውም ብልህ ነው ብዬ ነበር።

ሦስት ሜትር የሚሆን ቱቦላሬ ግራና ቀኝ ጫፉን በብሎኬት ላይ አስተኛሁና መካከሉ ላይ መቁረጥ ጀመርኩ። አላሰርኩትም፤ በግራ እግሬ ረገጥኩት። ከመጋዙ በስተኋላ ትክክል ተንበርክኬአለሁ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ብረቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች ጎበጠ፤ የተቆረጠው ክፍተትም ከላይ ተጣብቆ ዲስኩን ነከሰው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላየሁም። መጋዙ ወደ እኔ ዘለለ፣ ቱታዬን ከጭኔ ላይ ቀደደው፣ ከእጄም አምልጦ ሊሾው ላይ ወደቀ። ጣቴ ከማስነሻው ላይ ተነሥቷል፤ ዲስኩ ግን አልቆመም። መከለያው ታስሯልና የሚሸፍነው የለም። በጥርሱ ሊሾውን እየቧጠጠ ወደ ልጁ ሄደ። ልጁ የተጫማው የፕላስቲክ ሸበጥ ነው። እግሩን አነሣ። ከጣቶቹ ስንዝር የማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ።

አጎቴ አልጮሁም። መጋዙን አነሡ፣ ባትሪውን ነቀሉ፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ሽቦውንም ፈቱ። ጭኔን አዩ፤ የተላጠው ቆዳው ብቻ ነበር። ከዚያም «መጽሐፉ ስለዚህ ምን ይላል?» አሉኝ።

«አላነበብኩትም፣ ጋሼ።»

ጥቂት ዝም ብለው «አላውቅም ብትለኝ ኖሮ እኔም እንደማያውቅ ሰው ሆኜ እጠነቀቅ ነበር» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እስከ ማታ ድረስ በሴጌቶ ቆረጥን።

ማታውኑ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። ሁሉም ተጽፎ ኖሯል። ዲስኩ ከተነከሰ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ተመልሶ እንደሚዘል፣ ስለዚህም ከዲስኩ ጀርባ ሳይሆን ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ መቆም እንደሚገባ ይላል። ብረቱ በእግር ወይም በእጅ ሳይሆን በሞርሳ ይያዝ ይላል። በማግስቱ ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው «ለምን?» እያሉ ያስቆሙኝ ነበር። ቱቦላሬውን ሁለት ጫፉን ከመደገፍ ይልቅ ረጅሙን ወገን መቁረጫው አጠገብ አስረን፣ ተቆርጦ የሚወድቀውን ቁራጭ ነፃ ስንተወው ክፍተቱ እየሰፋ ሄደ እንጂ አልተጣበቀም። ይህን በዓይናቸው ሲያዩ «አሃ» አሉ። ዲስኩ ከብረቱ ሥር አልፎ የሚወጣው ጥቂት ብቻ እንዲሆን ጥልቀቱን ማስተካከል፣ መጋዙ ሙሉ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ብረቱን ማስነካት፣ አለመጫን፣ ዲስኩ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ አለማንሣት፤ እነዚህን በቶሎ ተቀበሉ። የግራይንደር ዲስክ ወይም የእንጨት ዲስክ እዚህ መጋዝ ላይ እንደማይታሰር ስነግር ግን ልጁ ደነገጠ። አንድ የእንጨት ዲስክ ለመሞከር አዘጋጅቶ ኖሯል!

ስለ መነጽር ሳነብ አጎቴ አቋረጡኝና የራሳቸውን አውጥተው አደረጉ። ፍርፋሪው ጥቂት ነው ማለት አይፈናጠርም ማለት አይደለም፤ ትኩስና ስለታም ነው። በጎን በኩል የሚሸፍን መነጽር ይፈልጋል፣ ለጆሮም መሸፈኛ። ፍርፋሪው የባትሪውን መገናኛዎች ካገናኘ ደግሞ ባትሪውን ሊያቃጥለው ይችላልና ከሣጥኑ ሲደፋ ባትሪው ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ባትሪውን መንቀል ነው። ልጁ «ማስነሻውን ካልነካሁት ምን ያመጣል?» አለ። ግራይንደር ገመድ ስላለው ሶኬቱ መነቀሉ ከሩቅ ይታያል። ይህኛው ግን ገመድ የለውም፤ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶም ቢሆን ባትሪው እስካለ ድረስ ነቅቷል። ዲስክ ስትቀይር በእጅህ መዳፍ ማስነሻውን ብትነካው ሌላው እጅህ ያለው ጥርሱ ላይ ነው። ይህን ስለው ጣቶቹን አየ።

ያን ሥራ በ9 ቀን ጨረስን። መጋዙን ለባለቤቱ እስክንመልስ ድረስ ባትሪው በምሳ ሰዓት የሚገኘው አጎቴ ኮት ኪስ ውስጥ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ልጁ ማይዝግ ብረት የደረጃ መደገፊያ አምጥቶ «ይህንንስ ይቆርጣል?» አለኝ። አፌ ላይ የመጣው «አዎ» ነበር። «አላውቅም፣ ቆይ እንየው» አልኩትና አብረን መጽሐፉን ገለጥን። ለማይዝግ ብረት የተሠራ ሌላ ዲስክ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ስላልነበረ በሴጌቶ ቆረጠው።