እስትንፋስን መቁጠር

የታመመን መጠየቅ ምግባር መሆኑን ከልጅነታችን ተምረናል፤ ማስታመም ግን ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን የተማርነው በልጃችን አልጋ አጠገብ ነው።

ቤታችን በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለ ገጠር ነው። የ2 ዓመት ልጃችን ሳል ሲይዘው ጉንፋን ነው ብለን ናቅነው። በ3ኛው ቀን ግን ምግብ እንቢ አለ፤ ገላውም እንደ ምጣድ ጋለ። ሴት አያቱ «እንጥሉ ወርዶ ነውና ይቆረጥለት» አሉ። እኛ ግን ሲነጋ በጋቢ ጠቅልለን ፍኖተ ሰላም ወደሚገኘው ሐኪም ቤት ወሰድነው።

የተቀበለችን ነርስ ደረቱን ገልጣ፥ ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም አለች። ከዚያም «56» አለችን። ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ጸጥ ብሎ ሳለ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ፥ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው ደግሞ 50ና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ የሳንባ ምች እንደሚያሠጋው፥ አየር ሲስብ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ ሕመሙ የከፋ መሆኑን አስረዳችን። እጅግ አፈርን። በደብር ባሕረ ሐሳብ ተምረን፥ በትምህርት ቤት ሒሳብ ስናስተምር የኖርን እኛ፥ የገዛ ልጃችንን እስትንፋስ መቁጠር አላወቅንም ነበር!

ኦክስጅን በቀጭን ቧንቧ በአፍንጫው ገባለት፤ መርፌውም በሰዓት በሰዓቱ ተሰጠው። የቀረው ሥራ የእኛ ነበረ። እናቱ ስትሸፋፍነው ነርሷ ትኩሳቱ እንዳይብስ አስገለጠቻት፤ ራሱን ከፍ አድርጋ እንድታቅፈው፥ አጥሚቱን ጥቂት በጥቂት እንድትሰጠው፥ እስትንፋሱ ሲፈጥን ግን ትን እንዳይለው እንድትታገሥ አሳየቻት። እኛም ሌሊቱን ሁሉ እየቆጠርን እንጽፍ ነበር፤ 56 የነበረው 48፥ በ4ኛውም ቀን 36 ሆነ። በዚያ ጧት ልጁ እንጀራ ለመነ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ወላጆች ሆይ፥ እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሳል እንጂ ሳንባን አያድንም። የታዘዘው መድኃኒት ልጁ ተሻለው ተብሎ አይቋረጥ። ሕፃንም በምድጃ ጢስ አጠገብ አይተኛ። ከዋና ዋናዎቹ የሳንባ ምች መንሥኤዎች አንዱን የሚከላከለውና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው ክትባት በ6፥ በ10ና በ14 ሳምንት አይታለፍ።

ሴት አያቱ ፊደል አልቆጠሩም። መቁጠሪያቸው ግን 41 ፍሬ አለው። አሁን ልጁ ባሳለ ቁጥር «ሰዓቱን ያዙልኝ» ይሉና፥ ዓይናቸውን በደረቱ ላይ አሳርፈው በእያንዳንዱ እስትንፋስ አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ። ደቂቃው ሳይሞላ ፍሬው ሊያልቅ ከቀረበ፥ መጀመሪያ ጋቢያቸውን የሚያነሡት እርሳቸው ናቸው።