በጠዋት የሚታይ መኪና

ሰውየው የዓመታት ቁጠባውን የከፈለበትን ያገለገለ መኪና ያየው ከሰዓት በኋላ፣ በፀሐይ ነበር። ደላላው ሞተሩን ቀድሞ አሙቆታል። ድምፁ ቅቤ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ፣ የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ሳለ ቁልፉን ሲያዞር፣ ኮፈኑ ሥር መዶሻ ያለ መሰለው። መኪናው ተንቀጠቀጠ። ከደቂቃዎች በኋላ ጸጥ አለ።

መካኒኩ አልገረመውም። ዘይት ሲበርደው ይወፍራል፤ ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። ከአሉሚኒየም የተሠራው ፒስተንም በብርድ ይኮማተራል፤ ከተበላ ደግሞ ግድግዳውን ያንኳኳል። ሲሞቅ ይለጠጥና ጉዱን ይሸፍናል። (ለጥቂት ሰከንድ መጮህ የጤነኛ ሞተርም ጠባይ ነው፤ ለደቂቃዎች መቆየቱ ነው ነገሩ።)

«ወንድሜ፣ እጅህን ኮፈኑ ላይ አሳርፍ፤ ሞቆ ከጠበቀህ ነገ በማለዳ እመጣለሁ ብለህ ሂድ» አለው። ዘግይቷል፤ ደላላው ስልክ አያነሳም።

አሁን ሰውየው ራሱ መኪናውን ለሽያጭ አቅርቧል። ለሚደውልለት ገዢ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ይቀጥራል።