የእንግሊዝኛን ልዩ ልዩ መልኮች ማወቅና የተማሪዎች የመናገር ክሂል

ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመመለሴ በፊት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በክፍል ፊት ቆማ ቤተሰቧን ስታስተዋውቅ «ዚስ ኢዝ ማይ ፋዘር» አለች። ምላሷን በጥርሶቿ መካከል አድርጋ እንድትደግመው ሦስት ጊዜ አስቆምኋት። ክፍሉ ሳቀ፤ እርሷም ንግግሯን ሳትጨርስ ተቀመጠች። በጽሑፍ ፈተና ከቀደሙት ተርታ የነበረችው ልጅ ዓመቱ እስኪያልቅ ዳግመኛ እጇን አላነሣችም። በጊዜው ነገሩን የዓይን አፋርነት አድርጌ ወሰድሁት።

ስሕተቱ የእኔ እንደ ነበር የተረዳሁት ስለ ዓለም እንግሊዝኛዎች ማንበብ ስጀምር ነው። ሕንዳዊ ተወላጁ የሥነ ልሳን ሊቅ ብራጅ ካችሩ እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረበው ሐሳብ የቋንቋውን ተጠቃሚዎች በሦስት ክበቦች መድቧል፦ አፍ መፍቻቸው የሆነላቸው፤ እንደ ሕንድና ናይጄሪያ ከቅኝ ግዛት ወርሰው የራሳቸው ያደረጉት፤ እንደ ውጭ ቋንቋ የሚማሩት። ጄኒፈር ጄንኪንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አፍ መፍቻቸው የተለያየ ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ መግባባትን የሚያደናቅፉትንና የማያደናቅፉትን ድምፆች ለይታለች። ተማሪዬን ያስቆምሁበት ድምፅ ከማያደናቅፉት ወገን ነው። የአናባቢ ርዝመትና የአጽንኦት ቦታ ግን ከሚያደናቅፉት ናቸው። አማርኛችን በአናባቢ ርዝመት ቃልን ከቃል ስለማይለይ፣ ብዙዎቻችን መርከቡንም በጉንም «ሺፕ» እንላለን። ይህን በዝምታ እያለፍሁ የማይጎዳውን አርም ነበር።

በዚህ ዓመት በፈቃደኝነት ለተሰበሰቡ ጥቂት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የንግግር ልምምድ ስሰጥ የኮፊ አናንንና የቺማማንዳ አዲቼን ንግግሮች አሰማኋቸው። አንዱ ተማሪ «እንደ አገራቸው ሰው እየተናገሩ ዓለም ያዳምጣቸዋል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። ሌላዋ የጎጃምና የሸዋ አማርኛ አንድ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ሁሉም አማርኛ እንደ ሆነ አስታወሰችን። ከዚያ በኋላ በቃል የሸመደዱትን አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይሉ የነበሩት ሳይቀሩ በራሳቸው ቃላት ረዘም አድርገው መናገር ጀመሩ።

ይሁን እንጂ ድፍረት ብቻውን ንግግርን አያስተካክልም። «እንግዲያስ ሁሉም ትክክል ከሆነ ለምን ታርመናለህ?» የሚል ጥያቄም ቀርቦልኛል። ሁሉም ትክክል አይደለም፤ ሰሚው መርከብና በግን ካልለየ ተናጋሪው ሐሳቡን አላደረሰም። የልዩነቱ ዕውቀት የጠቀመኝ እርማትን ለማስቀረት ሳይሆን ለመምረጥ ነው። ጥቂቶች ተማሪዎችን በማየት አጠቃላይ ድምዳሜ መስጠት ባይቻልም፣ ተማሪዎቹ ዝምታቸውን የሰበሩት ከእርማቱ በፊት እንደ ሆነ ተመልክቻለሁ።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ ሁለት ነገር ቢሞክሩ እላለሁ፦ በማዳመጥ ክፍለ ጊዜ የአፍሪካና የእስያ ተናጋሪዎችን ድምፅ ማሰማት፤ በንግግር ክፍለ ጊዜም ተማሪው ሐሳቡን ሳይጨርስ አለማቋረጥ። ያቺ ተማሪ ስለ አባቷ ልትነግረን የፈለገችውን ሳንሰማ ቀርተናል።