መስተዋት ላይ የቀረ ፊት

አባታችን (አላህ ይዘንላቸው) የተነሱት ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ ለንግድ ወደ ጃናሞራ ሲሻገሩ ጨነቅ ላይ ከበቅሏቸው ጋር ቆመው። ደባርቅ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለዓመታት ሲሰቀል የክረምቱ እርጥበት ከመስተዋቱ ጋር አጣበቀው። አሳጥበን ለማሳደግ ቸኩለን ስንልጠው ግማሽ ፊታቸው መስተዋቱ ላይ ቀረ። እናታችን «ኢና ሊላህ» ብለው ዝም አሉ።

ውድ ወጣቶች! የእኛ ጥፋት ትምህርት ይሁናችሁ። የተጣበቀ ፎቶ አይላጥም፤ ከነመስተዋቱ ስካነር ላይ ይደረጋል። ስካነር ከሌለ ብልጭታውን አጥፍቶ፣ ብርሃኑን ከጎን አድርጎ በስልክ ማንሳት ነው። በኢንች 600 ነጥብ የተነሳ ፎቶ በ300 ሲታጠብ ጥራቱን ሳያጣ በእጥፍ ያድጋል፤ 9 በ13 ሴንቲሜትር የነበረው 18 በ26 ይሆናል። የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ፤ እርማቱ በሌላ ቅጂ ላይ ይሠራ። አቧራና ጭረት ቢጠረግ መልካም ነው። ፊት ግን አይነካ፤ የሰው መልክ አማና ነውና።

ፎቶ ቤቱ የጎደለውን ግማሽ በኮምፒዩተር እንዲሞላልን ጠይቀን ነበር። እናታችን ግን «የሌላ ሰው ዓይን ቤቴ አይሰቀልም» አሉን። የተረፈውን ግማሽ እንዳለ አሳጠብነው። ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ አሁን ግን ከመስተዋቱ አራርቀን ነው የሰቀልነው።