ጡቡን ከመቀባታችሁ በፊት አንድ ዙር በኦልድ ታውን

እኔ ያለኝ ምግብ ቤት ነው፤ ስለ ወጥ ብጽፍላችሁ ይሻል ነበር። ዛሬ ግን ስለ ቤት ቀለም ላወራችሁ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ስህተት ሁለቴ ልሠራ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከስንት ዓመት ልፋት በኋላ የገዛናት ቤት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተሠራች ባለ ቀይ ጡብ ናት። ባለፈው ስፕሪንግ የመስኮቶቹ ቀለም መላላጥ ጀመረና ቀለም ቀቢ ጠራን። እኔ ደግሞ በዚያው ቤቱን ሙሉ ነጭ ላስቀባው ብዬ ተነሳሁ። ጎረቤቴ ቀብቶ አምሮለት አይቻለሁ፤ ስልኬ ላይም የማየው ሁሉ ነጭ ቤት ነው። ባለቤቴ ስትሰማ፣ «የምግብ ቤቱን ግድግዳ ረሳኸው እንዴ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ምን እላለሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የምግብ ቤታችንን የጎን ግድግዳ፣ እሱም አሮጌ ጡብ ነው፣ ከዓመታት በፊት በተራ የውጭ ቀለም አስቀብቼው ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሙሽራ መሰለ። ሁለት ክረምት ሲያልፍ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አወጣ፤ ከዚያ ተላጠ። ቀለሙ ሲወርድ የጡቡን ፊት ይዞት ወረደ። ለማስጠገን ያወጣሁት ገንዘብ ለቀለሙ ከከፈልኩት በብዙ እጥፍ በለጠ።

ለምን ሆነ? የጠገነልኝ ግንበኛ ሲያስረዳኝ እንስራ ትዝ አለኝ። እንስራ ውኃውን የሚያቀዘቅዘው ሸክላው ስለሚያልበው ነው አይደል? ጡብም ሸክላ ነው። ዝናብ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተነፍሳል። ፕላስቲክነት ያለው ቀለም ሲለብስ ግን ከስንጥቅ፣ ከአሸንዳ፣ ከመሬት የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። ክረምት ሲመጣ ውኃው ጡቡ ውስጥ በረዶ ይሆናል፤ በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ ሲያብጥ ጡቡን ይሰነጥቀዋል። ደግሞም ጡብ አንዴ ከተቀባ ወደ ድሮው መመለስ ከባድ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ መቀባት የዕድሜ ልክ ዕዳ ይሆናል።

ባለቤቴ፣ «ቀለም ከመምረጥህ በፊት ኦልድ ታውን እንሂድ» አለችኝ። እሑድ ጠዋት ሄድን። እናንተም ዲሲ አካባቢ ካላችሁ ሂዱ። ኪንግ ስትሪት ሜትሮ ስትወርዱ እስከ ፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚያደርስ ነፃ ትሮሊ አለ። ከዚያ በእግር ፕሪንስ ስትሪት ግቡ፤ ወደ ወንዙ የሚወርደው ጫፉ ላይ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ታገኛላችሁ፤ ካፕቴንስ ሮው ይሉታል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1749 ነው፤ ይህ ሰፈር በታሪካዊነቱ በሕግ መጠበቅ የጀመረው ደግሞ በ1946 ነው። እዚያ ቀለም ነክቶት የማያውቅ የጡብ ግድግዳ ለመቀባት የከተማውን ቦርድ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። ይህን ሳውቅ ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ።

የተቀቡም አሉ። ኩዊን ስትሪት ላይ ስፋቷ 7 ጫማ ገደማ የሆነች ሰማያዊ ቤት አለች። በ1830 ጆን ሆለንስበሪ የተባለ ሰው፣ በቤቱ ጎን ባለው መተላለፊያ ሰውና ጋሪ ሲመላለስበት ተናዶ መተላለፊያውን በቤት ዘጋው ይባላል። ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ይስቃሉ።

እኔን ያስደነቁኝ ግን ያልተቀቡት ናቸው። ጡቡ ቀይ እንደሆነ ነው፤ ቤቱን ከቤት የሚለየው በሩ፣ የመስኮቱ ዙሪያና መዝጊያው፣ ከጣሪያው ጠርዝ ስር ያለው እንጨት ነው። እዚህ ትሪም የሚሉት ማለት ነው። አንዱ ጥቁር በር፣ ሌላው የወይን ጠጅ፣ ሌላው ግራጫ መዝጊያ። ቀለም የሚያስፈልገው እንጨቱ እንጂ ጡቡ እንዳልሆነ እዚያ ገባኝ።

አሁን ወደ ምርጫው። ከራሴ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጡባችሁን ቀርባችሁ እዩት። «ቀይ» ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ ብርቱካን የሚያደላ አለ፣ ወደ ቡኒ የሚያደላ አለ። በጡቦቹ መሐል ያለውን ማልታም እዩ። የእኛ ማልታ ወደ ክሬም ያደላል፤ ስለዚህ ለመስኮቶቹ ክሬም መረጥን። ድፍን ነጭ ብንቀባ ከጡቡ ጋር ይጣላ ነበር። የጣሪያችሁንም ቀለም አትርሱ፤ እሱን በቅርብ አትቀይሩትም።

ሁለተኛ፣ በሱቅ ካርቶን ብቻ አትወስኑ። ሰሌዳ ላይ ሁለት እጅ ቀቡና ጡቡ ላይ አስደግፋችሁ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ እዩት። ለእኛ ጠዋት ያማረው አረንጓዴ ማታ ጥቁር መሰለ።

ሦስተኛ፣ ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ አሮጌውን ቀለም ራሳችሁ እንዳትፍቁት። እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። መጀመሪያ አስመርምሩ፤ ሥራውንም የእርሳስ ጥንቃቄ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ስጡ። የሰፈር ማኅበር ካላችሁም ቀለሙን ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ጡቡን መቀባት የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ በመጀመሪያ አሸንዳውንና ማልታውን አስጠግኑ፤ ከዚያ እርጥበት የሚያሳልፍ ቀለም ጠይቁ። አንዱ ምን መሰላችሁ? ኖራ! እናቴ ድሬዳዋ በዓል ሲደርስ ግድግዳውን የምትቀባው ያው ኖራ። ሐረር ጁገል የገባ ሰው ነጩን፣ አረንጓዴውን፣ ሐምራዊውን ግድግዳ ያውቀዋል። እዚህ አሁን በውድ ዋጋ ይሸጥልናል።

እኛ ጡቡን ተውነው። መስኮቱ ክሬም፣ በሩ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ለወጪው ያሰብኩት ገንዘብ ግማሹ ተረፈና አሸንዳውን አሳደስንበት። ሥራው ያለቀ ዕለት አንድ ደንበኛችን ቡና ሊጠጣ መጥቶ ከመንገድ ማዶ ቆሞ አየን፤ «አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ! ባንዲራ ነው እንዴ የሰቀላችሁት?» አለ። እኛ እንደዚያ አላሰብነውም ነበር። ግን አሁን ማታ ከሥራ ስመለስ ቤቴን ከሩቅ አውቀዋለሁ።

ቤታችሁን ያሳምርላችሁ። ደህና ሰንብቱ።